«ኖ ሙቭመንት ክሎዝ» ምንድን ነው? ወይስ ክሮዝቢን ማን ይሸጠዋል?

በ2025 ክረምት የአሜሪካው የበረዶ ሆኪ ክለብ የፒትስበርግ ፔንግዊንስ ደጋፊዎች ለሁለት ተከፍለው ነበር። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የጭቅጭቁ ምክንያት አምበላቸው ሲድኒ ክሮዝቢ ነው። ሰውየው 38 ሊሞላው ነበር። የ2009ን፣ የ2016ን እና የ2017ን የስታንሊ ካፕ ዋንጫ አንስቷል። ቡድኑ ግን እስከዚያ ሦስት ዓመት በተከታታይ ጥሎ ማለፍ አልገባም ነበር።

አንዱ ወገን «ዋጋ ሳለው ይሂድና ወጣት እናምጣበት» ይላል። ሌላው «ክሮዝቢ ከዚህ የሚወጣው ጫማውን ሲሰቅል ነው» ይላል። በእርግጥ በበረዶ ሆኪ የሚሰቀለው መንሸራተቻ ነው፤ ግን ተግባብተናል።

የሚገርመኝ ሁለቱም ወገኖች ክለቡ መወሰን የሚችል ይመስል መሟገታቸው ነው። አይችልም። ክሮዝቢ ውሉ ውስጥ ኖ ሙቭመንት ክሎዝ የሚባል አንቀጽ አለው።

ይህ አንቀጽ እንዲገባን መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። እኛ የለመድነው የእግር ኳስ ዝውውር ነው። ሁለት ክለቦች በዋጋ ይስማማሉ፣ ከዚያ ገዢው ከተጫዋቹ ጋር ይደራደራል። ተጫዋቹ «አልሄድም» ካለ ነገሩ እዚያው ያበቃል። በሰሜን አሜሪካው ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ እንዲህ አይደለም። እዚያ የሚደረገው ልውውጥ ነው። ሰው በሰው ይለወጣል፣ ወይም ሰው ተሰጥቶ ወደፊት ከድራፍት፣ ማለትም ክለቦች በየዓመቱ አዳዲስ ወጣቶችን በየተራ ከሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት፣ የመምረጥ ተራ ይወሰዳል። ተጫዋቹን የሚያማክር የለም። ጠዋት ቦስተን ልምምድ የሠራ ሰው ማታ ወደ ካልጋሪ ሊሳፈር ይችላል። ውሉ እንዳለ አብሮት ይሄዳል። የልጆቹ ትምህርት ቤት የራሱ ጉዳይ ነው።

ማንም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። የሆኪው ታላቅ ኮከብ ዌይን ግሬትዝኪ ለኤድመንተን አራት ዋንጫ ካመጣ በኋላ በ1988 ወደ ሎስ አንጀለስ ተላከ። ኤድመንተን በምትኩ ከወሰደው ውስጥ 15 ሚሊዮን ዶላርና ሦስት የመጀመሪያ ዙር የድራፍት ተራ ይገኙበታል። ሰውየው በጋዜጣዊ መግለጫው ላይ አለቀሰ።

ኖ ሙቭመንት ክሎዝ ይህን ሥልጣን ከክለቡ እጅ ወስዶ ለተጫዋቹ ይሰጠዋል። በአማርኛ «ያለ ፈቃዴ ንቅንቅ አልልም» ብንለው ያስኬዳል። እኔ በግሌ «የአሻፈረኝ አንቀጽ» እለዋለሁ። ይህ አንቀጽ ያለውን ሰው ክለቡ ለሌላ ክለብ አሳልፎ መስጠት አይችልም። ወደ ታችኛው ሊግ ማውረድም አይችልም። «የፈለገ ይውሰደው» ብሎ ለሌሎች ክለቦች በነጻ ማቅረብም አይፈቀድለትም። የቀረው መንገድ ከደመወዙ ከፊሉን ከፍሎ ውሉን ማፍረስ ነው፤ እሱ ደግሞ ኮከብ ላይ የሚደረግ ነገር አይደለም።

ታናሽ ወንድምም አለው፤ ኖ ትሬድ ክሎዝ። ይኼኛው ልውውጡን ብቻ ነው የሚከለክለው። ከዚያ ለዘብ ያለም አለ። ተጫዋቹ «እነዚህ ክለቦች ጋ አልሄድም» ብሎ የስም ዝርዝር ያስገባል፤ ከዝርዝሩ ውጭ ከሆነ ግን እምቢ ማለት የለም።

ማንም ተነስቶ ይህን መብት አያገኝም። ወይ ዕድሜው 27 መድረስ አለበት፣ ወይ ሊጉ ውስጥ ሰባት የውድድር ዘመን መቆየት አለበት። ክለቦቹስ እጃቸውን የሚያስር ነገር ለምን ይፈርማሉ? ሊጉ የደመወዝ ጣሪያ ስላለው ነው። ለ2025-26 አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ በሙሉ የሚያወጣው ከ95.5 ሚሊዮን ዶላር እንዳይበልጥ ተደንግጎ ነበር። ለኮከቡ ገንዘብ መጨመር ካልቻልክ ሌላ ነገር ትሰጠዋለህ። እርጋታ ትሰጠዋለህ። በፊርማው ቀን ይህ ስጦታ ምንም ወጪ ያለው አይመስልም። ሂሳቡ የሚመጣው ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ ነው፤ ቡድኑ ሲያረጅ።

ቡድን ሲያረጅ ክለቡ «ሪቢልድ» ውስጥ ይገባል፤ አፍርሶ እንደገና መሥራት ማለት ነው። አንጋፋዎቹ ይሰጣሉ፣ የድራፍት ተራ ይሰበሰባል፣ ለተወሰኑ ዓመታት ይሸነፋል። በዚህ ሊግ መሸነፍ ጥቅም አለው። ወደ ታች መውረድ የለም፤ እንዲያውም መጨረሻ የወጣው ቡድን የመጀመሪያውን ወጣት የመምረጥ ዕጣ ላይ ትልቁ ዕድል ይሰጠዋል፣ 25.5 በመቶ። ክሮዝቢ ራሱ በ2005 በዕጣ ለፒትስበርግ የደረሰ ልጅ ነው።

በ2025 ግን ያው ልጅ ለሪቢልዱ እንቅፋት ሆኖ ነበር። ደክሞ ቢሆን ነገሩ በቀለለ። በ2024-25 በ80 ጨዋታ 91 ነጥብ አስቆጠረ፤ በሆኪ ነጥብ የሚባለው ያስቆጠረው ግብና ለግብ ያቀበለው ኳስ ተደምሮ ነው። እርግጥ ኳስ ሳይሆን ፓክ ነው የሚባለው። በአማካይ በየጨዋታው ቢያንስ አንድ ነጥብ ሲያስመዘግብ 20ኛ ዓመቱ ነበር፤ የግሬትዝኪን የ19 ዓመት ክብረ ወሰን ሰበረ። እንዲህ ያለ ሰው ይዘህ መጨረሻ መውጣት ከባድ ነው። ፔንግዊንሶች ጥሎ ማለፍ አልገቡም፣ በቂም አልተሸነፉም። በ2025 ድራፍት የደረሳቸው ተራ 11ኛው ነው።

«እሺ፣ ፈቃዱን ይስጥና በሦስት የመጀመሪያ ዙር ተራ እንለውጠው» የሚሉ ደጋፊዎች ነበሩ። እዚህ ላይ ነው ሂሳቡ የሚሳሳተው። አንቀጹ ልውውጥን መከልከል ብቻ ሳይሆን ዋጋም ያወርዳል። ተጫዋቹ «እሺ፣ ግን እዚያ ክለብ ብቻ» ሲል ጨረታው አንድ ተጫራች ብቻ ይቀረዋል። ያ ተጫራች ደግሞ ብቻውን እንደሆነ ያውቃል።

የቺካጎው ፓትሪክ ኬን ጥሩ ማሳያ ነው። እሱም ሦስት ዋንጫ ያመጣ ሰው ነው። በ2023 ክለቡ ሪቢልድ ውስጥ ሲገባ ኬን መድረሻውን ራሱ መረጠ፤ ኒው ዮርክ ሬንጀርስ። ቺካጎ በዋናነት ያገኘው በቅድመ ሁኔታ የታሰረ የሁለተኛ ዙር ተራና አንድ የአራተኛ ዙር ተራ ነው። ለዚያ ሁሉ ታሪክ! ሬንጀርሶችም በመጀመሪያው ዙር ተሰናበቱ። በሌላ በኩል ቺካጎ በዚያው ዓመት የድራፍት ዕጣው ወጣለትና የዓመቱ ትልቁ ተስፋ የተባለውን ወጣት ኮነር ቤዳርድን ወሰደ። ክለቡን የጠቀመው የኬን ዋጋ ሳይሆን የኬን አለመኖር ነው ማለት ይቻላል።

ክሮዝቢ በበኩሉ በሴፕቴምበር 2024 ለሁለት ተጨማሪ ዓመት ፈርሟል፤ በዓመት 8.7 ሚሊዮን ዶላር። ማለያው 87 ቁጥር ነው፣ የተወለደው በ8ኛው ወር በ7ኛው ቀን በ1987። ከዚያ በላይ መጠየቅ ይችል ነበር። አልጠየቀም። ይህን ያደረገ ሰው ቡድኑ የት እየሄደ እንደሆነ ሳያውቅ አልፈረመም።

«እምቢ ያለ ተጫዋች ራስ ወዳድ ነው» የሚለውን ክርክር ግን ከቶሮንቶ የበለጠ የሚያውቀው ከተማ የለም። በ2008 መጀመሪያ የሜፕል ሊፍስ አምበል ስዊድናዊው ማትስ ሱንዲን ነበር። ቡድኑ ወድቋል፣ ውሉ በዚያው ክረምት ያልቃል፣ ዋንጫ የሚያሳድዱ ክለቦች ይፈልጉታል። ክለቡ ፈቃዱን ጠየቀው። እሱ አሻፈረኝ አለ። ምክንያቱንም ተናገረ፤ ዋንጫ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ጣዕሙ የሚገባህ መንገዱን ከመጀመሪያው አብረህ ከተጓዝክ ነው፤ ለሁለትና ለሦስት ወር በኪራይ መሄድ አልፈልግም አለ።

ክረምት ሲመጣ ውሉ አለቀ። ቶሮንቶ በእሱ ምትክ አንድም ነገር አላገኘችም። ደጋፊው ተቆጣ። ቁጣው አልገባኝም ማለት አልችልም፤ ከ1967 ጀምሮ ዋንጫ ያላየ ከተማ ነው። ግን አንቀጹን የፈረመለት ክለቡ ነው። የሰጡትን መብት ተጠቀመበት ብሎ ሰውን መክሰስ ትክክል አይመስለኝም። ቁጣው የባሰው ደግሞ በዲሴምበር ለቫንኩቨር ሲፈርም ነው።

በፌብሩዋሪ 21 ቀን 2009 ሱንዲን በቫንኩቨር ማለያ ወደ ቶሮንቶ ተመለሰ። አዳራሹ ተነስቶ አጨበጨበለት። ጨዋታው 2 ለ 2 አልቆ ወደ መለያ ምት አመራ፤ የማሸነፊያዋን ያስቆጠረው ሱንዲን ነው።