ደህንነት የአሰልጣኙ ሥራ ብቻ አይደለም፦ ስለ መወጣጫ ግድግዳ የሚነገሩ ስሕተቶች

የግድግዳ መውጣት ስፖርት እ.ኤ.አ. በ2021 ቶኪዮ ላይ የኦሊምፒክ ውድድር ሆነ። ጅማ ውስጥም ቪዲዮውን አይተው «ጣሪያው ከፍ ያለ የቡና መጋዘን ተገኝቶ ብንሠራውስ» የሚሉ ወጣቶች አሉ። ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ ዝናቡ ብዙ ወራት ለማይለቀው ከተማ ጣሪያ ሥር የሚሠራ ስፖርት ያስፈልጋል። ወሬው ሁሉ ግን ስለ ግድግዳው ነው፤ ማን ምን ይጠብቃል የሚለውን የሚያነሣ አላየሁም። ሲነገሩ ከምሰማቸው ውስጥ የሚያሳስቡኝን ልዘርዝር።

«አንድ ጎበዝ አሰልጣኝ ከቀጠርን ይበቃል»

አሰልጣኙ የሚያየው አጠገቡ ያሉትን ነው። ጥበቃው የሚጀምረው በር ላይ፣ እንግዳ ተቀባይዋ ጋ ነው። «ከዚህ በፊት ወጥተሃል? ለሚወጣ ሰው ከታች ገመድስ ይዘህ ታውቃለህ?» ብላ የምትጠይቀው፣ መልሱን የምትመዘግበው፣ ያልተፈተነን ሰው ወደ ገመዱ የማታሳልፈው እሷ ናት። አውቃለሁ ያለ ሁሉ ሠርቶ ማሳየት አለበት። ወለሉ ላይ ደግሞ የማያሠለጥን፣ ዓይኑን ከግድግዳው የማያነሣ ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል። አሰልጣኙ ጀማሪዎቹንም ወለሉንም ይይ ከተባለ አንዱም በወጉ አይታይም።

ወጪው በእጁ የሚይዛቸውንና የሚረግጣቸውን መጨበጫዎች ግድግዳው ላይ የሚገጥመውም ባለሙያ ጌጥ የሚሠራ የሚመስላቸው አሉ። እጅ የት ላይ እንደሚያመልጥ፣ ያመለጠው ሰውም ወዴት እንደሚወዛወዝና ከምን ጋር እንደሚጋጭ አስቀድሞ የሚያስበው እሱ ነው። ቡሎኑ ላልቶ የሚዞር መጨበጫ አለ ሲባልም ያንን የመውጫ መስመር ዘግቶ ያጠብቃል።

«ቅጽ አስፈርመናል፤ ከዚያ በኋላ ኃላፊነቱ የራሱ ነው»

ፊርማ ሰውዬው አደጋውን ማወቁን ያሳያል እንጂ የላላ ቡሎን አያጠብቅም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2130 ሠራተኛው ሥራውን ሲያከናውን ለሚያደርሰው ጉዳት አሠሪውን ተጠያቂ ያደርጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የሥራ ቦታን ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ይጥላል፤ ሠራተኛውም ጉድለት ሲያይ ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ ወለል የምትጠርገው ሴት የተቀደደ ፍራሽ አይታ ብትናገር ሥራዋን ሠራች እንጂ በማያገባት አልገባችም።

«ልምድ ያለውን ሰው መፈተሽ መናቅ ነው»

ከሁሉም የምፈራው ይህንን ነው። እኛ ዘንድ ታላቅን፣ አዋቂ የተባለን ሰው መጠየቅ ይከብዳል። ነገር ግን በዓለም ስመ ጥር ከነበሩት ገደል ወጪዎች አንዷ፣ አሜሪካዊቷ ሊን ሂል፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ፈረንሳይ ውስጥ ቋጠሮዋን ሳትጨርስ ገደል ወጥታ ከ20 ሜትር በላይ ወድቃለች። ዛፍ ላይ አርፋ ተረፈች። ያጣችው እውቀት አልነበረም፤ ቋጠሮውን ብዙ ሺህ ጊዜ አስራዋለች።

ፍተሻው ደግሞ አጭር ነው። ሰውዬው ከመሬት እግሩን ከማንሣቱ በፊት እሱና ከታች ገመዱን የሚይዝለት ሰው ፊት ለፊት ይቆማሉ። የወገብ መታጠቂያው ዘለበት በደንብ ተጠብቋል? ገመዱ በትክክለኛዎቹ ሁለት ቀለበቶች ውስጥ አልፏል? የስምንት ቁጥሩ ቋጠሮ መስመሮቹ ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይታያሉ፣ ጫፉስ ረጅም ነው? ገመድ ያዡ ጋ የገመድ መያዣው መሣሪያ ገመዱን በትክክለኛው አቅጣጫ ጎርሷል፣ መሣሪያውን ከመታጠቂያው ጋር የሚያያይዘው የብረት ቀለበት (ካራቢነር) ተቆልፏል? በዓይን ብቻ ሳይሆን በእጅ ጎትቶ ነው የሚታየው። የሃያ ዓመቱ ተቆጣጣሪ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ቋጠሮዎን ልየው» ማለት መቻል አለበት፤ ሥራ አስኪያጁም በሰው ፊት የራሱን ቋጠሮ እያስፈተሸ ካላሳየው ልጁ በፍጹም አይደፍርም።

«ገመድ ገመድ ነው፤ ሂርማታ ገበያ ሞልቷል»

ጆንያ የሚታሰርበት ገመድ ብዙ አይለጠጥም። የመውጫ ገመድ የሚሠራው ተለጥጦ የአወዳደቁን ኃይል እንዲያለዝብ ነው፤ የማይለጠጠው ባይበጠስ እንኳ ምቱን ወደ ሰውነት ያስተላልፈዋል። ሌላው ስሕተት ያረጀ ገመድ በዓይን ይታወቃል ማለት ነው። የባትሪ አሲድ የነካው ናይለን ደህና መስሎ ሊዳከም ይችላል። አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ ምንም ያልተሠራበትን ገመድ እንኳ ከ10 ዓመት በኋላ እንዲወገድ ያዛሉ። የራሰ ናይለን አቅሙ ስለሚቀንስ በጅማ እርጥበት ገመድን ጥላ ውስጥ አንጠልጥሎ ማድረቅ የዕለት ሥራ ነው፤ ፀሐይ ላይ ማስጣት ግን ይጎዳዋል። ይህን የሚሠራና በመዝገብ የሚይዝ፣ ገመዱን በጣቱ እየዳሰሰ የጠጠረ ወይም የሳሳ ቦታ የሚፈልግ አንድ የታወቀ ሰው ይኑር። «ሁላችንም እናየዋለን» ከተባለ ማንም አላየውም ማለት ነው።

«ዝቅተኛው ግድግዳ ፍራሽ አለው፤ ጠባቂ አይፈልግም»

ገመድ በሌለበት መውጣት እያንዳንዱ መውደቅ መሬት ይደርሳል። ቁርጭምጭሚትና የእጅ አንጓ የሚጎዳው እዚህ ነው። ሌላ ሰው ላይ መውደቅም አለ፤ ሕፃናት ከሥር እንዳይሮጡ የሚያይ ሰው ይቁም።

«ማሽኑ ራሱ ይይዛል»

ገመዱን ራሱ የሚሰበስበው ማሽን የሚይዘው የተያያዘውን ሰው ነው። ሳይያያዙ መውጣት የታወቀ የአደጋ ምክንያት ነው፤ ስለዚህ ከግድግዳው ሥር መንገድ የሚዘጋ ሸራ ይደረጋል። ሸራው ተነሥቶ ከቀረ መልሶ መዝጋት የወለል ተቆጣጣሪው ሥራ ነው።

«የወደቀን ሰው ቶሎ አንሥቶ በባጃጅ ማድረስ ነው»

ደግነት ነው፤ ግን አከርካሪው የተጎዳን ሰው አጥፎ ባጃጅ ውስጥ ማስገባት ለዘለቄታው ሽባ ሊያደርገው ይችላል። ሥራው አስቀድሞ ይከፋፈል፦ አንዱ ጭንቅላቱን ሳያንቀሳቅስ ይዞ ይቆያል፣ አንዷ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ትደውላለች፣ ሌላው ዋናው መንገድ ላይ ወጥቶ መኪናውን ይቀበላል። የወለሉ ተቆጣጣሪ ደግሞ ጀርባውን ለተጎዳው ሰጥቶ ወደ ላይ ያያል፤ በዚያች ደቂቃ ሌሎች ሰዎች ገና ገመድ ላይ ናቸው፣ ገመዳቸውን የያዙት ደግሞ ወደ ጩኸቱ መሮጥ ያምራቸዋል። ሁሉም የያዘውን ሰው ቀስ አድርጎ መሬት እስኪያደርስ ድረስ እጁን ከገመዱ እንዳያነሣ በስም እየጠራ ያዛል።