ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ፦ የወሎ መድኃኒት አዋቂ

ጤና ጣቢያ ከመምጣቱ በፊት በወሎ ገጠር ሐኪሙ መድኃኒት አዋቂው ነበር። ዛሬም በብዙ ቀበሌ አለ። የሚንቁት «ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ» ይሉታል። ስድብ ቢሆንም ሥራውን ልክ ይገልጻል፤ ሰውየው የአገሩን ዕፀዋት ከነበቀሉበት ቦታ ያውቃል።

ወሎ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ባቲ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ ደሴ 2,500፤ ላስታ ላይ አቡነ ዮሴፍ ከ4,000 ያልፋል። የደጋው አዋቂ ኮሶ፣ የወይና ደጋው ዳማ ከሴ፣ የቆላው እሬት አያጣም። የጎደለውን የባቲ የሰኞ ገበያ ይሞላል።

ዳማ ከሴ የምች መድኃኒት ነው። ቅጠሉ በመዳፍ ይታሽና ይጨመቃል። ጭማቂው ቡና ውስጥ ጠብ ተደርጎ ይጠጣል፤ የተረፈው ግንባር ላይ ይቀባል። ከዚያ ጋቢ ተከናንቦ ማላብ ነው። ይህን ለማድረግ አዋቂ አያስፈልግም፤ እናቶች ሁሉ ይችሉበታል።

ኮሶ ግን ሌላ ነው። ዛፉ ወንድና ሴት አለው፤ ለትል የሚፈለገው የሴቴዋ ቀላ ያለ አበባ ነው። ደርቆ ይፈጫል፣ ይበጠበጣል፣ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ምሬቱን «እንደ ኮሶ መረረኝ» የሚል ሁሉ ያውቀዋል። ልኩ ካለፈ ደግሞ ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ለእኔ አዋቂና አጭበርባሪ የሚለዩት እዚህ ላይ ነው፤ ልኩን ማወቅ ላይ።

ይህ ዕውቀት ላቦራቶሪ የገባበት ጊዜም አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቢልሃርዚያ የተባለው የትል በሽታ የሚተላለፈው በቀንድ አውጣዎቹ ነው፤ በሽታው ወሎ ውስጥ ሐይቅ ከተማ አካባቢም አለ።

አዋቂው ሼህም ደብተራም ሊሆን ይችላል። ወሎ ነውና እስላሙ ደብተራው ዘንድ፣ ክርስቲያኑ ሼሁ ዘንድ ቢሄድ ማንም አይገርመውም።

የሚያናድደኝ ምስጢሩ ነው። ብዙዎቹ አዋቂዎች ረቡዕ ወይም ዓርብ ማለዳ፣ ከሰው ሳይነጋገሩ ቅጠሉን ይቆርጣሉ። ከተነገረ መድኃኒቱ ይረክሳል ባይ ናቸው። የቅጠሉን ስም የሚያወርሱት ለአንድ ልጅ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ለበኩሩ። ለታማሚው የሚሰጠው ደግሞ ቤት ውስጥ ተወቅጦ፣ ልሞ፣ ምን ቅጠል እንደሆነ እንዳይለይ ተደርጎ ነው።