የኑክሌር ቆሻሻ፦ የምንፈራው ሌላ፣ የሚጎዳን ሌላ

«የኑክሌር ቆሻሻ ከበርሜል የሚንጠባጠብ አረንጓዴ ፈሳሽ ነው።»
ይህን ምስል የሰጡን ፊልሞች ናቸው። ከኑክሌር ኃይል ማመንጫ የሚወጣው ያገለገለ ነዳጅ ጠጣር ነው፤ እንደ ሸክላ የተተኮሱ የዩራኒየም እንክብሎች በብረት ቱቦ ተደርድረው። ለጥቂት ዓመታት ጥልቅ ገንዳ ውስጥ ይቆያል፤ ውኃው ያቀዘቅዘዋል፣ ጨረሩንም ያስቀረዋል። ከዚያ በብረትና በኮንክሪት መያዣ ይታሸጋል። ፈሳሽም አለ፤ መካድ አይገባም። በአሜሪካ ሀንፎርድ ለቦምብ ፕሉቶኒየም ሲመረት የተረፈው አደገኛ ፈሳሽ በ177 የመሬት ውስጥ ታንከሮች ተጠራቅሞ ነበር፤ በርካቶቹም ወደ አፈሩ አፍስሰዋል።

«ዘላቂ መቅበሪያ ሊገኝለት አይችልም።»
ፊንላንዶች ኦልኪሉኦቶ በተባለ ደሴታቸው ላይ ከ400 ሜትር በላይ ጠልቀው፣ ወደ 1.9 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለውን ዐለት ፈልፍለዋል። ነዳጁ በመዳብ መያዣ ይታሸጋል፤ ዙሪያው ውኃ ሲነካው በሚያብጥ ቤንቶናይት ሸክላ ይጠቀጠቃል። የአካባቢው ምክር ቤት እምቢ የማለት መብት ነበረው፤ ተስማማ።

«ማመንጫ የሌለውን አገር አይመለከትም።»
ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በብራዚል ጎያኒያ ከተማ አንድ የካንሰር ሕክምና ተቋም ቦታ ሲለቅ የጨረር መሣሪያውን ትቶት ሄደ። ሁለት ሰዎች ፈትተው ወሰዱትና ለአሮጌ ብረት ነጋዴ ሸጡት። ውስጡ 100 ግራም የማይሞላ፣ ሲዚየም 137 የተባለ ጨረር አመንጪ ዱቄት ነበር። በጨለማ ሰማያዊ ሆኖ ስለሚያበራ ነጋዴው ለዘመድ ወዳጅ አከፋፈለው፤ ገላቸውን የተቀቡትም ነበሩ። 249 ሰዎች ተበክለው ተገኙ። አራቱ ሞቱ፤ አንዷ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ይህን ሁሉ ያደረሰው ተረካቢ ያጣ አንድ የሕክምና ዕቃ ነው።

በእኛም አገር ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለካንሰር ሕክምና ኮባልት 60 በተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ሲገለገል ኖሯል። የኮባልት 60 ኃይል በየአምስት ዓመት ከሦስት ወሩ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ ለሕክምና ደክሟል ከተባለ በኋላም ሰው ለመጉዳት የሚበቃ ይቀረዋል።

«ጨረር የደረሰበት ሰው ሌላውን ይበክላል።»
ራጅ የተነሣ ሰው ማንንም አይበክልም። የሚያሰጋው ጨረር አመንጪ ዱቄት ገላው ላይ ወይም ሰውነቱ ውስጥ የቀረበት ሰው ነው፤ ገላው ላይ ካለው ዱቄት አብዛኛውን፣ ልብስ ማውለቅና መታጠብ ያስወግደዋል።

ቁራሌ የሚሰበስብ ወይም ብረት የሚያቀልጥ ሰው ሦስት ክንፍ ያለው የጨረር ምልክት የተለጠፈበት ዕቃ ቢያገኝ አይክፈተው፣ አይቁረጠው፤ ርቆ ቆሞ ለፖሊስ ያሳውቅ። ምልክቱ ተፍቆ ቢጠፋ እንኳ ከመጠኑ በላይ የሚከብድ ዕቃ ይጠርጠር፤ ጨረሩን የሚያግደው እርሳስ የተባለው ብረት ከባድ ነው።