ጓሳን «ሰው ያልነካው» አትበሉብኝ

መንዝ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። እንግዳ ይዤ ወደ ጓሳ፣ ወደ መንዙ የደጋ ሣር ምድር፣ በወጣሁ ቁጥር «ሰው ያልነካው ድንግል ተፈጥሮ!» ይሉኛል። ሰለቸኝ።

ጓሳ ሰው እየነካው የኖረ መሬት ነው፤ ግን በሥርዓት። ስሙ ራሱ የሣሩ ስም ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ የዝናብ ገሳ ይሠራበታል። የአያቴ ቤት ክዳን ሲታደስ ከሥር የወጣውን አሮጌ ሣር ጎትቼው አውቃለሁ። ጭስ አጥቁሮታል እንጂ አልበጠስ አለኝ።

ሥርዓቱ ቄሮ ይባላል፤ 400 ዓመት ገደማ ሆኖታል። አስቦና ጌራ የተባሉ አቅኚ አባቶች መሬቱን ተካፈሉ። ዘሮቻቸውም በየወገናቸው አለቃ ይመርጡ ነበር። ጓሳው ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል፣ ክረምት ሲገባ መልሶ ይዘጋል። ጥበቃው የሁሉም ነው። በዝግ ጊዜ ሲያጭድ የተያዘ ይቀጣል።

«የጋራ ከሆነማ ባለቤት የለውም» የሚሉም አሉ። ባለቤትማ ነበረው! በ1967 የመሬት አዋጅ ርስት ሲቀር የአለቆቹም ሥልጣን አብሮ ቀረ። ያን ጊዜ ነው ያገኘ ሁሉ ያጨደው። ኋላ ገበሬው ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን መለሰ። ዛሬ ጓሳ በሕግ የታወቀ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። የመንግሥት ፓርክ አይደለም።

የጓሳው ቀይ ቀበሮ በግ ይጨርሳል የሚሉም አሉ። ዋና ምግቡ አይጥ ነው።

መንዝ ብርድ እንጂ እህል የለውም? ገብሱስ? ባቄላውስ? በጉ ደግሞ ሥጋ ብቻ አይደለም፤ በርኖሱና ባናው ከፀጉሩ ነው።

ለመሄድ ካሰባችሁ፣ ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ወፍራም ልብስ ያዙ፤ በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። መንገድ የሚያሳያችሁን ከአካባቢው ሰው ቅጠሩ። መኪና ደግሞ ሣሩ ላይ እንዳትነዱ። አንድ ጊዜ አብሮኝ የመጣ ሰው ለፎቶ ብሎ ከመንገድ ወጣ። አንድ አባት ከወዲያ መጡ። አልተቆጡም። ጎንበስ ብለው ጎማው ያስተኛውን ሣር በእጃቸው እያቃኑ፣ «ልጄ፣ ይቺ እኮ የከርሞ ክዳኔ ናት» አሉት።