ሥጋ ደዌና ቀይ ሽኮኮ በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ

በደቡብ እንግሊዝ በምትገኘው የዊንቸስተር ከተማ ዳርቻ በመካከለኛው ዘመን በመግደላዊት ማርያም ስም የተሰየመ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማደሪያ ነበረ። በከተማዋ ውስጥ ደግሞ የእንስሳት ቆዳ ከነፀጉሩ አልፍተው ለልብስ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ይሠሩ ነበር። ሁለቱ ስፍራዎች የሚጋሩት ነገር እንዳለ የታወቀው ገና በ2024 ነው (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ባለሙያዎቹ ትርፍራፊ ይጥሉበት ከነበረ ጉድጓድ የቀይ ሽኮኮ የእጅና የእግር አጥንቶች ወጡ፤ ጭራዋ የተንዠረገገ፣ ዛፍ ላይ የምትኖር ትንሽ እንስሳ ናት። አጥንቶቹ ከ20 እስከ 30 ሚሊግራም ብቻ ይመዝናሉ። ተመራማሪዎቹ 25 የሰውና 12 የሽኮኮ ናሙናዎችን መርምረው ከሦስት ሰዎችና ከአንዲት ሽኮኮ የሥጋ ደዌ ባክቴሪያን ዘረመል አገኙ። በብሪታንያ የዛሬ ቀይ ሽኮኮዎችም ባክቴሪያውን እንደሚሸከሙ በ2016 ተረጋግጦ ነበር። የጥንቷ ሽኮኮ ባክቴሪያ የቅርብ ዝምድና ያለው ግን ከእነዚህ ጋር ሳይሆን በዊንቸስተር ከተቀበሩት ሕሙማን ጋር ሆኖ ተገኘ። ለእኔ የጥናቱ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፤ በሽታው በአንድ ከተማ በሰውና በእንስሳ መካከል ይመላለስ እንደነበር ያመለክታልና።

መገናኛው መንገድ ብዙ ነበር። የሽኮኮ ቆዳ የነገሥታትና የመኳንንት ካባ ገበር ነበር፤ በ1384 ብቻ 377,200 ቆዳ ወደ እንግሊዝ ገብቷል። ሽኮኮን ከግልገልነት አሳድገው እንደ ለማዳ እንስሳ የሚይዙም ነበሩ። ሥጋ ደዌ ምልክቱን ለማሳየት ብዙውን ጊዜ ዓመታት ስለሚፈጅበት፣ ቆዳ ሲገፍ የዋለ ሰው ኋላ ሲታመም ሽኮኮን የሚጠረጥርበት ምክንያት አልነበረውም። ከሰፈር ወጥቶ ለብቻው እንዲኖር የሚደረገው ያው ሕመምተኛው ነበር።

በሽታው ከሽኮኮ ወደ ሰው ይሁን ከሰው ወደ ሽኮኮ መተላለፉን ጥናቱ አልቋጨም። ሁለቱም እንደሚቻል አርማዲሎ የተባለው የአሜሪካ እንስሳ ምስክር ነው፤ ባክቴሪያውን ከባሕር ማዶ ከመጡ ሰዎች ወሰደ፣ ዛሬ ደግሞ በደቡባዊ ዩናይትድ ስቴትስ መልሶ ለሰው ያስተላልፋል። በ2021 ደግሞ በጊኒ ቢሳውና በአይቮሪ ኮስት ጫካዎች የሚኖሩ ቺምፓንዚዎች በሥጋ ደዌ ተይዘው መገኘታቸው ይፋ ሆኗል።