ድባቴና የሌሊት እንቅልፍ

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቷ ይበርዳል። ሰው ማታ 3 ሰዓት ላይ ባናውን ተከናንቦ ይተኛል። ድባቴ የያዘው ግን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዓይኑ ፍጥጥ ይላል። ዶሮ እስኪጮህ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ያድራል። ቤተሰብ «ብርዱ ነው የቀሰቀሰህ» ይለዋል። ብርዱ አይደለም።

ድባቴ ሐኪሞች ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለሚዘልቅ ከባድ ድብርት የሚሰጡት ስም ነው። እንቅልፍ ማጣት ከዋነኞቹ ምልክቶቹ አንዱ ነው። አንዳንዱን ደግሞ ያለ ልክ ያስተኛዋል።

ጤናማ እንቅልፍ በዙር ይሄዳል። አንዱ ዙር 90 ደቂቃ ያህል ነው፤ በአንድ ሌሊት 4 ወይም 5 ዙር ይኖራል። ቀላሉ እንቅልፍ ይቀድማል፣ ጥልቁ ይከተላል፣ ከዚያ ሕልም የሚበዛበት ይመጣል። ይህን የሕልም እንቅልፍ የእንቅልፍ ተመራማሪዎቹ ዩጂን አሰሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን በፈረንጆቹ 1953 ይፋ አደረጉት። ዓይን ከሽፋኑ ስር ወዲያ ወዲህ ይሮጣል፣ አንጎል ይሠራል፣ ሰውነት ግን አይንቀሳቀስም። ሰውነት ከዚህ ሳይላቀቅ አእምሮ ቀድሞ ሲነቃ ነው እኛ «ዱካክ ያዘኝ» የምንለው።

ድባቴ ይህን ተራ ያዛባል። ጥልቁ እንቅልፍ ይሳሳል። የሕልሙ እንቅልፍ ከተኙ 90 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ መምጣት ሲገባው፣ ብዙ ጊዜ 60 ደቂቃ ሳይሞላ ይደርሳል። የመጀመሪያው ሕልም ይረዝማል፤ የዓይን ሩጫውም ይበዛል። ሰውየው ሌሊቱን ሲያርስ ያደረ ይመስል ዝሎ ይነሳል። «ተኝቶ እያደረ ምን ያደክመዋል?» የሚሉት ዘመዶቹ ይህን ቢያውቁልኝ ደስ ይለኛል።

በእኛ አገር ነገሩን የሚያብሰው አረቄ ነው። «አንድ መለኪያ ልበልና ልተኛ» ይባላል። ቶሎ ያስተኛል፣ እውነት ነው። ግን የመጀመሪያውን ሕልም ያፍንና ሌሊቱ ሲጋመስ እንቅልፉን ይቆራርጠዋል።

አሚትሪፕቲሊንን ጨምሮ አብዛኞቹ የድባቴ መድኃኒቶች የሕልሙን እንቅልፍ ያዘገያሉ፣ ያሳጥራሉም። በድንገት ሲቋረጡ ሕልሙ ደርቦ ይመለሳል፤ ቅዠት ይበዛል። ስለዚህ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን ቤት ጥሎ አይሂድ፤ ከልብሱ ጋር ይያዘው። ጤና ጣቢያ ሲደርስም «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብሎ አያብቃ። ስንት ሰዓት እንደሚተኛና ስንት ሰዓት እንደሚነቃ ይናገር።