እጩ፣ ተጠቋሚ፣ ደጅ ጠኚ፦ የወንበር ፈላጊ ስሞች በድሬዳዋና በሐረር

ሥልጣን የሚፈልግ ሰው በምሥራቁ ከተሞች ስሙ አንድ አይደለም። ወንበሩን ራሱ ጠየቀ? ሌሎች ጠቆሙት? ከላይ ተሾመ? ስሙን የሚወስነው ይኼ ነው።

በምርጫ ሕግ የሚወዳደረው «እጩ» ነው። ከፓርቲ ውጭ በራሱ የሚቆመው ደግሞ «የግል እጩ» ይባላል። በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት ለመምረጥ 18፣ ለመመረጥ 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ሐሳቡን የቀየረ ሰው «ከእጩነት ራሱን አገለለ» ይባላል። ታዛቢና ምርጫ አስፈፃሚ ምርጫ ጣቢያ ውስጥ ቢውሉም ወንበር ፈላጊ አይደሉም።

ድሬዳዋ ላይ «የከንቲባ እጩ» የሚል ነገር ድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ አይገኝም። ሕዝቡ የሚመርጠው የምክር ቤት አባላትን ነው። ከንቲባውን ምክር ቤቱ ይመርጣል። ሐረር ላይ ደግሞ «እጩ ነው» ሲባል «የየትኛው?» ብሎ መጠየቅ ያስኬዳል። የክልሉ ምክር ቤት 36 መቀመጫ አለው። ከእነዚህ 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባዔ ናቸው፤ የሚመርጧቸውም ሐረሪዎች ብቻ ናቸው፣ ከክልሉ ውጭ የሚኖሩት ጭምር።

ድሮ እንዲህ ዓይነት ውድድር አልነበረም። ሐረር በ1879 በምኒልክ እጅ ከገባች በኋላ ገዢዋ ከንጉሡ ዘንድ ይሾም ነበር፤ ራስ መኮንንም የመጡት እንዲሁ ነው። በዚያ ሥርዓት ሹመት ፈላጊ ደጅ ይጠናል እንጂ ሕዝብ አይቀሰቅስም። «ደጅ ጠኚ» የሚለው ስም ዛሬም አልሞተም። አለቃ ቢሮ የማይጠፋ ሰው ሲገኝ በሹክሹክታ ይለጠፍበታል።

ከሁሉ ለየት የሚለው «ኡጋስ» የሚባለው የኢሳ ሶማሌዎች ባህላዊ መሪ ነው። በ2017 ዓ.ም. ዩኔስኮ በመዘገበው «ሔር ኢሴ» በተባለው ባህላዊ ሕግ ኡጋሱ ከወርዲቅ ጎሳ ይወጣል። ቅስቀሳ የለም። ሽማግሌዎች ፈልገው ያገኙታል። ለእኔ «እጩ» የሚለው ቃል እዚህ ጋ ጭራሽ አይገጥምም።

የእድር ስብሰባ ግን የራሱ ወግ አለው። ሰብሳቢ ሲመረጥ እጅ አውጥቶ «እኔ ልሁን» የሚል ብዙም አይገኝም፤ ነውር ይመስላል። አንዱ ይነሳና «ጋሽ እገሌን ጠቁሜያለሁ» ይላል። «የሚደግፍ?» ይባላል። ተጠቋሚው ወዲያው «ኧረ እኔን ተዉኝ፣ ጤናም የለኝ» ይላል። ቤቱ ይስቃል። ሁለተኛም እንቢ ይላል፣ ይለመናል። እውነት የማይፈልግና ለወጉ ያህል እንቢ የሚል እዚህ ጋ ይለያል። እውነተኛው ቶሎ ብሎ በፈንታው ሌላ ሰው ይጠቁማል። ለወጉ ያለው ግን «እንግዲህ ካላችሁ» ብሎ ማህተሙንና የመዋጮ መዝገቡን ይረከባል።